ሁለት ጣት ያህል ይላላ

ላላ ያለ ነገር አልወድም። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቻለሁ። ገመድ ያላጠበቀ ሾፌር ከተበተነ ጭነቱ አጠገብ ራሱን ይዞ ሲቀመጥ ስንቴ አይቻለሁ። የእኔ ጭነት አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም። በሰፈራችን ይህን ያልነገርኩት ሰው ካለ ትናንት የገባ መሆን አለበት።

ልጄ ሞተር ሳይክል ልገዛ ነው ስትል ቤቱን በአንድ እግሩ አቆምኩት። አዋላጅ ነርስ ናት፤ ከትልቁ ቁልቁለት ማዶ ባለ ጤና ጣቢያ ተመድባ በየቀኑ በእግሯ ትመላለስ ነበር። ጮኼ እስኪወጣልኝ ሰማችኝና አንዲት ወላድ ሳልደርስላት ብትሞት አንተ ትጠየቅልኛለህ ወይ አለችኝ። ጫማዬን አድርጌ ሞተሩን ልታይ ስትሄድ ተከትያት ሄድኩ።

ሻጩ ጡረታ የወጣ ቀያሽ ነበር። እኔ ገና ከበሩ ቀለሙን አይቼ ወድጄዋለሁ። እሷ ግን ከሰላምታ ቀጥላ መዳፏን ሞተሩ ላይ አሳረፈች። ሞቅ ብሏል። ከመምጣታችን በፊት ለምን እንደተነሳ ጠየቀችው፤ ሰውየው ተንተባተበ። ቀዝቅዞ ሲነሳ ካላየሁ አልገዛም ብላ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። በሰው ደጃፍ አንድ ሰዓት ሙሉ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሲቀዘቅዝ በሁለተኛው ምት ተነሳ፤ ያኔ ገዛችው። ያን ቀን የታዘብኩት ድፍረቷን ብቻ ነው። ሥራውን ማወቋን ልብ አላልኩም።

ሞተሩ ግቢያችን ከገባ በኋላ እንክብካቤውን እኔ ወረስኩት። እወለውላለሁ፣ ዘይት አያለሁ፣ የጎማ ነፋስ እለካለሁ። አንድ እሁድ ካቴናውን፣ ያን የኋላውን ጎማ የሚያዞረውን ሰንሰለት ማለቴ ነው፣ በጣቴ ገፋ ሳደርገው ወደ ላይና ወደ ታች ተወዛወዘ። ላላ! ልጄን ጠርቼ አሳየኋት። እንዲህ ነው የሚሆነው፣ አባዬ፣ አትንካው አለችኝና ወደ ልብስ አጠባዋ ተመለሰች።

አፌን ያዝኩ፤ እጄን ግን አልያዝኩም። እሷ ገበያ ስትወጣ በአሥራ ሰባት ቁጥር መፍቻዬ የኋላውን ጎማ ዳዶ ፈታሁ፤ ጎማውን ወደ ኋላ ሳብኩና ካቴናውን ወጥሬ አሰርኩት። ደስ አለኝ። በሳምንቱ ባየው ግን እንደገና ላልቷል። አጠበቅሁት። በሳምንቱ ደግሞ ላላ። ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ ሆነ። አሮጌ ዕቃ ሸጠልን ብዬ ቀያሹን ስረግመው ከረምኩ። ይባስ ብሎ መፍቻዬ ጠፋ። ሚስቴን አፋጠጥኳት፤ መጀመሪያ የራስህን ኪስ ፈትሽ አለችኝ፤ ሁለት ቀን ተኮራረፍን።

መፍቻዬ በጠፋበት ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ልጄ ባልደረባዋን፣ ደልደል ያለችውን ነርስ፣ ከኋላ አፈናጥጣ የክትባት ሣጥን ይዘው ሊሄዱ ነበር። ሁለት ሰው፣ ቁልቁለት፣ ላላ ያለ ካቴና። አላስቻለኝም። ማልጄ ወደ መካኒኩ ሄድኩና መፍቻ ተዋስኩ። ይህን መካኒክ ሰፈሩ ሁሉ ‹ነገ ና› ይለዋል፤ ለደንበኛ ሌላ ነገር ሲመልስ ሰምቶት የሚያውቅ የለም። ልጄ ቁርሷን ስትበላ እኔ ከወትሮው ጨምሬ ወጠርኩት። ነርሷ መጥታ ሣጥኑን ታቅፋ ከኋላ ተቀመጠች። በኩራት እጄን እያወዛወዝኩ ሸኘኋቸው።

መፍቻውን ስመልስ ለ‹ነገ ና› ጀብዱዬን አወራሁለት። እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር፤ መጥረጉን አቆመ። ሰው ጭናለች ወይ አለኝ። አዎ፣ ያውም ደልደል ያለች አልኩት። ጋራዡ ውስጥ ወደቆመ ሌላ ሞተር ወሰደኝና ጣቴን ካቴናው ላይ እንዳደርግ ነገረኝ። ሁለት ጣት ያህል ይላላ ነበር። እሱ ወጥቶ መቀመጫው ላይ ተንሰራፋ። ያ ላላ ያለው ካቴና ከጣቴ ሥር ቀስ እያለ ተወጠረ።

"አዩ ጋሼ? ሰው ሲቀመጥበት ራሱ ይጠብቃል፤ ጉድጓድ ሲገባ ደግሞ ይብስበታል። አስቀድሞ ከተወጠረ መሄጃ የለውም።"

"መሄጃ ከሌለውስ?"

"ይበጠሳል። ጎማውን ተጠምጥሞ ከያዘው ደግሞ…" አለና ተወው።

ለልጄ ስልክ ደወልኩ፤ ተዘግቷል። በመንገድ ላይ ስልክሽን ዝጊ ብዬ ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ‹ነገ ና› በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ‹አሁን› አለ፤ የራሱን ሞተር አስነስቶ ከኋላው አስቀመጠኝ።

ሞተር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ጉድጓድ በገባን ቁጥር ከሥራችን ካቴናው ሲጠብቅ ይታየኝ ነበር። አሁን እሷ ጋ ጠበቀ፣ አሁን ተበጠሰ እያልኩ የመካኒኩን ጃኬት ጨምድጄ ይዣለሁ። በእኔ ይሁን፣ በእሷ አይሁን እያልኩ ፈጣሪዬን ለመንኩ። ሌላ ምን እላለሁ? በገዛ እጄ ነው የሠራሁት።

ቁልቁለቱን ጀምረን ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሰው ተሰብስቧል። መንገዱ መሀል ነጭ ነገር ተዘርግቷል። የነርስ ጋውን መሰለኝ፤ ሞተሩ ሳይቆም ዘልዬ ልወርድ ስል ‹ነገ ና› በክርኑ መለሰኝ። ስንጠጋ የተቀደደ የዱቄት ጆንያ ነበር። ጭነቱ የተበተነበት ሾፌር መኪናው ሥር ራሱን ይዞ ተቀምጧል። ሌላ ቀን ቢሆን ወርጄ ስለ ገመድ አስተምረው ነበር። ሁለት ሴቶች በሞተር ሲያልፉ አይቶ እንደሆነ ብቻ ጠየቅሁት። አላየሁም አለኝ። ከዚያ በኋላ በየኩርባው ወደ ገደሉ እያየሁ ሄድኩ።

ጤና ጣቢያው ግቢ ስንገባ ሞተሯ አጥሩ ሥር ቆሟል። ሄጄ ተንበረከክሁና ካቴናውን ነካሁት። ላላ ብሏል። ሁለት ጣት ያህል።

"አባዬ?"

እጇን እያደራረቀች በር ላይ ቆማለች። ፊቴን አየችው፣ ‹ነገ ና›ን አየችው፣ ሁሉም ገባት። መጥታ የሞተሩን መቀመጫ ከፈተችና ከሥሩ አንድ መፍቻ አወጣች። አሥራ ሰባት ቁጥር። እጀታው ላይ ያሰርኩት ቀይ ፕላስተር እንኳ አልተነሳም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳት።

"ከመጀመሪያው ሳምንት። አንተ እሁድ ታጠብቃለህ፣ እኔ ሰኞ አላላለሁ።"

መፍቻውን የደበቀችውም ዛሬ ሰው ስለምትጭን እንደነበረ ነገረችኝ። መፍቻው እሷ ጋ በመሆኑ ተማምና ጠዋት ካቴናውን አላየችውም። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ነርሷ እግሬ ደነዘዘ ብላ አስቆመቻት። ከሞተሩ ሲወርዱ ልጄ ጎንበስ ብላ አየች፤ ካቴናው እንደ ክራር ክር ተወጥሯል፤ እዚያው መፍቻውን አውጥታ አላላችው። ነርሷ እግሯ ባይደነዝዝ እዚያ ገደል ሥር ነበሩ። ተቆጥታለች፤ እኔም እንድትቆጣኝ ፈልጌ ነበር።

"ለምን በግልጽ አልነገርሽኝም? አባዬ አታውቅም፣ ልትገድለኝ ነው አትይኝም?"

መፍቻውን በእጇ አገላበጠች።

"ጡረታ ከወጣህ ወዲህ ስታፏጭ የምሰማህ እሁድ እሁድ ብቻ ነው" አለች። "ሞተሩ ሥር ተኝተህ። ያንን ልከልክልህ?"

ማፏጨቴን አላውቅም ነበር። ‹ነገ ና› ድንገት ሥራ እንዳገኘ ሰው ወደ ራሱ ሞተር ሄደ። እኔ እዚያው እንደተንበረከክሁ አለቀስኩ፤ አላፈርኩበትም።

ዕንባዬ ሲቆም ባልደረባዋን ጠርታ መቀመጫው ላይ አስቀመጠቻት፤ እሷም ከፊት ወጣችና መፍቻዬን ወደ እኔ ዘረጋች። አሁን ለካው፣ ሰው እያለበት ነው የሚለካው አለችኝ። ጣቴን ካቴናው ላይ አደረግሁ። ሁለቱም ተቀምጠውበት አሁንም ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ዳዶው ላይ መፍቻውን አሳረፍኩ፤ እጄ እንደ ልማዱ ሊያጠብቅ ቃጣው። ዳዶውን ሳላዞር መፍቻውን አነሳሁና ኪሴ ከተትኩት።