በር ያልነበረው ሳጥን

በሥራዬ አልታማም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጉራ ድሮ ቀረ። በያጅ ነኝ፤ የበየድከው ብረት ተላቀቀ ብሎ ደጄን ያንኳኳ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ያጠፋኝም ይኸው ነው።

የጤና ጣቢያችን ሶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቴ ተሰረቀ። መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ካሉት ፓኔሎች አራቱን ፈትተው ወሰዱ። ኮሚቴው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ዘበኛ ቀጠረ፣ ትልቅ ቁልፍ ገዛ። በሁለተኛው ቁልፉን ቆርጠው ባትሪዎቹን ከነገመዳቸው ነቅለው ሄዱ። ዘበኛው ዝናብ ስለነበር ምንም አልሰማሁም አለ። ሰው ሁሉ ተቆጣ፤ የእኔ ግን ይለይ ነበር፤ የእታለም ትንፋሽ የተንጠለጠለው በእነዚያ ባትሪዎች ላይ ነው።

እታለም ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አዝላ፣ አጉርሳ፣ ስባልግም ጆሮዬን ቆንጥጣ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሳንባዋ ከተጎዳ ወዲህ ጤና ጣቢያው የኋላ ክፍል ውስጥ ተኝታ፣ በቀጭን ቱቦ ኦክስጅን የሚሰጣት ማሽን አጠገቧ ሲያጉረመርም ትውላለች፣ ታድራለች። ማሽኑ ያለ መብራት አይሠራም። የመስመሩ መብራት ደግሞ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን የሚጠፋ ነው፤ ተስፋችን ሶላሩ ብቻ ነበር።

አዲስ ባትሪ ሲመጣ የኮሚቴው ሊቀመንበር አስጠራኝና ሌባ የማይደፍረው ነገር እንድሠራ ለመነኝ። መለመን አያስፈልገውም ነበር። ባለ አራት ሚሊ ላሜራ ቆርጬ ሳጥን ሠራሁ። ባትሪዎቹንና መቆጣጠሪያውን ውስጡ አስገብቼ፣ የብየዳው እሳት እንዳይነካቸው በእርጥብ ጆንያ ሸፍኜ፣ ሳጥኑን ከእታለም መስኮት በታች፣ ከውጭው ግድግዳ ብረት ጋር ዙሪያውን በየድኩት። ሲያልቅ ጆንያውን በመጨረሻው ክፍተት ጎትቼ አወጣሁና ክፍተቱንም ደፈንኩት። ጣሪያው ላይ የነበሩትን ብሎኖች ሳይቀር ራስ ራሳቸውን በየድኳቸው።

ሶላሩን የገጠመችው ቴክኒሻን ገና ልጅ እግር ናት። እጇን አጣጥፋ ስታየኝ ቆየችና፣ ጋሼ በር ይተዉለት፣ አየር የሚያስገባ ቀዳዳም ያስፈልገዋል፣ ውስጡ ይሞቃል አለችኝ። በር ካለ ቁልፍ አለ፣ ቁልፍ ካለ መቁረጫ አለ አልኳት። ቀዳዳ ደግሞ ለሌባ ፌሮ ማስገቢያ ነው። ደጋግማ ብትነግረኝ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ብረት ይዤ ለኖርኩት ለእኔ ስለ ብረት ትነግረኛለች ብዬ ለሊቀመንበሩ ስነግረው አብሮኝ ሳቀ። ልጅቷ ዕቃዋን ሸክፋ ሄደች።

በማግስቱ እታለም ካላየሁ አለች። ቱቦዋን ለአፍታ አውልቃ፣ በትከሻዬ ተደግፋ መጣችና ሳጥኑን በጣቷ አንኳኳችው። «አንተ ብረቱ» አለች፤ ስታሾፍብኝ እንዲህ ነው የምትጠራኝ፤ «ይኼንን እንኳን ሌባ ሞትም አይከፍተው።» እስክታስል ድረስ ሳቀች። እኔም ልቤ በኩራት አበጠ።

ለስምንት ወር ማንም አልነካውም። አንዴ ሌቦች መጥተው ታግለው ታግለው ጭረት ብቻ ጥለው ሄዱ፤ ያንን ጭረት ለስንት ሰው እየጎተትኩ እንዳሳየሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ ያ የሙቀት ወር መጣ። የመስመሩ መብራት ከጠፋ አራተኛ ቀኑ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ሲስተር ደወለችና ማሽኑ ቆሟል፣ ቶሎ ና አለችኝ። ሲስተር የጤና ጣቢያው ነርስ ናት፤ ሁለት ጊዜ የምትናገር ሴት አይደለችም። በሩጫ ስደርስ እታለምን ወደ መጠባበቂያው ሲሊንደር አዛውራታለች፤ እሱም ለአንድ ሰዓት እንኳ አይበቃም አለችኝ። ቴክኒሻኗን በስልክ አገኘናት፤ ያለችው የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ነው።

ምልክቱን ሁሉ ጠይቃ ስትጨርስ፣ «ቀላል ነው ጋሼ» አለች። «ውስጥ በግራ በኩል ጥቁር ማብሪያ አለች፤ ሙቀት ሲበዛ ራሷ ትወድቃለች። በጣትዎ ወደ ላይ ማንሳት ብቻ ነው።»

«በር የለውም» አልኳት።

ብትሰድበኝ በተሻለኝ። «እንግዲያው ቶሎ ይቁረጡት» ብቻ አለች።

በምን ልቁረጠው? ብረት የምቆርጥበት ግራይንደሬ ያለ መብራት ድንጋይ ነው። ሊቀመንበሩ ጄኔሬተር ፍለጋ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ግንባታ በሞተር በረረ። እኔ የእጅ መጋዜን አነሳሁ፤ ሦስት ምላጭ አለኝ። እጅ የምታስገባ ቀዳዳ ብትሆን ይበቃኛል ብዬ ከጥጉ ጀመርኩ። ግድግዳው የመጋዙን እጀታ አላስጠጋ ሲለኝ ምላጩን ፈትቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ያዝኩት። ዘበኛው ከጎኔ በመዶሻ ይቀጠቅጣል፤ ብየዳው ፍንክች አላለም። ሌላ በያጅ፣ ለከት የለሽ ሰነፍ በያጅ ሠርቶት ቢሆን ኖሮ በሦስት ምት ይገነጠል ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምነው ሥራ ባልቻልኩ አልኩ።

የመጀመሪያው ምላጭ ተሰበረ። ሁለተኛውም ተከተለ፤ ሊቀመንበሩም ጄኔሬተሩን ይዞ አልተመለሰም። የሷ መስኮት ከራሴ በላይ ስለሆነ ሳሏ ይሰማኛል፤ ጨርቁ በደም ርሶ ምላጩ ያንሸራትተኛል። ሲስተር በመስኮቱ ብቅ አለች። ሲሊንደሩ አልቋል ማለቷ እንደሆነ ከፊቷ አወቅኩ።

«እታለም ልካኝ ነው» አለች። «ልጁ እጁን እንዳይቆርጥ በይው ብላኛለች።»

አምላኬ፣ አርባ ዓመት አልፎኝ ልጁ እኔ ነኝ። እንባዬ ብረቱ ላይ እየተንጠባጠበ መጋዜን ቀጠልኩ።

ሳሉ ቆመ። የቆመ ጊዜ አውቄዋለሁ፤ እጄ ግን አላቆምም አለኝ። ሲስተር ወጥታ ትከሻዬን ያዘችና «ወንድሜ፣ ይብቃህ» አለችኝ። ጥጉ እስኪቆረጥ ገዘገዝኩ። ላሜራውን አጠፍኩት፣ እጄን ሰደድኩ፣ ማብሪያዋን አገኘኋት። ትንሽ ናት፤ የአውራ ጣት ታህል የለችም። ወደ ላይ አነሳኋት። የኋላው ክፍል ማሽን ማጉረምረም ጀመረ፤ ማንም የሚተነፍስበት የለም።

ከቀብር በኋላ ሊቀመንበሩ ሳጥኑ ክፍት ነው፣ ድፈንልን እያለ ሰው ላከብኝ። የብየዳ መያዣውን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ሌላ በያጅ ፈልጉ አልኩ፤ ማንም አልፈለገም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሌቦች በቆረጥኩት ቀዳዳ ገብተው፣ አስፍተውት፣ ባትሪዎቹን አንድ ሳያስቀሩ ወሰዱ። ሲስተር በዚያ ሳምንት ሁለት ሴቶችን በእጅ ባትሪ ብርሃን አዋለደች። የአንዷ ልጅ አልቆየም ብላ ራሷ ነገረችኝ። አልወቀሰችኝም።

ትናንት ሊቀመንበሩ ቤቴ መጣ። ሌላ ባትሪ ቃል ተገብቶልናል አለ። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ እንደመከረበትም ነገረኝ።

«እንደ በፊቱ አድርገህ ዝጋልን» አለኝ። «ያኔ እኮ ምንም አልተሰረቀም።»

እውነቱን ነው። ያኔ አንድም ነገር አልተሰረቀም።