ከማዞሪያው በላይ

ኑ እስቲ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተም ከበሩ ላይ ተነስና ግባ፣ ቦታ አይጠፋም፤ ሰው ከተዋደደ አንድ አግዳሚ ወንበር ለሁሉ ይበቃል። የማወራችሁ የሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ጉድ ነው። ሳቅ ይበዛበታልና አፋችሁ ውስጥ የሚታኘክ ነገር ካለ መጀመሪያ ዋጡት፣ ኋላ ትን ብሏችሁ እኔን እንዳታስወቅሱኝ።

ሰውየው የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ሚስቱ ደግሞ በዚያው አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ። እሱ ከፊት መሪውን ይዞ፣ እሷ ከኋላው በር አጠገብ ቆማ፣ ዕድሜያቸውን በአንድ መስመር ላይ ሲመላለሱ ኖሩ። የአውቶቡሱ ደወል የሞተው ገና እነሱ ሙሽሮች ሳሉ ነው፤ የሚጠግነውም አልተገኘም። ስለዚህ ሴትዮዋ የጋብቻ ቀለበቷን ከብረቱ ምሰሶ ጋር ታጋጨዋለች። አንዴ ኳ ካለ «ቁም፣ ወራጅ አለ» ማለት ነው። ኳ ኳ ካለ «ሳበው»። ተሳፋሪው እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም ትቶ «ቀለበት» ይላት ነበር። እኛም ቀለበት እንበላት።

ቀለበት ባሏን የምታውቀው በማጅራቱ ነው። ሲናደድ ማጅራቱ ይቀላል፤ ሲስቅ ሁለት መስመር ያወጣል፤ ሆዱን ሲሞረሙረው ወደ ግራ ዘንበል ይላል። እሱ ደግሞ እሷን የሚያውቃት በስፖኪዮ ነው፤ መዳፍ የምታህል ፊት፣ ግራና ቀኟ የተገላበጠ። «ማታ ቤት ስንገባ እኮ» ትላለች ለጎረቤቶቿ፣ «ፊት ለፊት እስክንላመድ ድረስ እንተፋፈር ነበር!»

መስመራቸው የሚያልቀው ከአንድ ተራራ ሥር ነበር። እዚያ ማዞሪያው ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ። አውቶቡሱ ዛፉን ይዞርና ፊቱን ወደ ከተማ መልሶ ይቆማል። ከላይ፣ ጫካው መሀል፣ ሐይቅ አለ ይባላል። ይባላል ማለቴ፣ እነሱ አይተውት አያውቁም። ሰው ቅርጫቱን አንጠልጥሎ ይወርድና ሽቅብ ይወጣል፤ አመሻሹ ላይ ፀጉሩ ረጥቦ እየተንከተከተ ይመለሳል። ቀለበት ትኬት እየቆረጠች «እንዴት ነው ሐይቁ?» ትላለች። «አይ፣ ሄዶ ማየት ነው!» ይሏታል። ሄዶ ማየት! አውቶቡሱ የሚቆመው ሾፌሩ ሻይ ፉት እስኪል ነው። ከዚያ ኳ ኳ፣ ወደ ከተማ።

ኋላ ጡረታ መጣ። ቀለበት እንኳ ሥራ አታጣም፣ ቤት መቼ ያልቃል? ሰውየው ግን መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠና እንደ ችንካር ተተክሎ ቀረ። «ውጣ እንጂ» ሲሉት «የት?» ይላል። «እስከ ዳቦ ቤት» ሲሉት «ዳቦ ሲያልቅ ንገሩኝ» ይላል። አለቀ ብለው ሲነግሩት «እንግዲያው ዛሬ ሩዝ ይሁን» ይላል። ቀለበት መጀመሪያ ሳቀች። ውሎ ሲያድር ግን ፈራች። ከወንበሩ ጀርባ ቆማ ማጅራቱን ስታየው ምንም አይነግራትም፤ አይቀላ፣ አይሸበሸብ። ጭር ያለ ማጅራት።

አንድ እሁድ ጠዋት ልጃቸው ባሏንና ትንሿን ልጇን አስከትላ መጣች። ልጃቸው ነርስ ናት። ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው፣ ምላሱ ከመቀሱ የሚፈጥን። የልጅ ልጃቸውን በጉንጮቿ ምክንያት ጉንጬ ይሏታል።

«ዛሬ ሐይቁን እናያለን» አለች ነርሷ። «መንገዱ ቀላል ነው፣ ሕፃን ይወጣዋል።»

«ሐይቅ ማለት ውሃ ነው» አለ ሾፌሩ ከወንበሩ ሳይነቃነቅ። «ውሃ እዚህም አለ። ቧንቧውን ክፈቱት።»

«አባዬ በሞቴ፣ ተነስ!»

«እሺ፣ እስከ ማዞሪያው እመጣለሁ። ከዚያ በላይ የኔ መስመር አይደለም።»

ቀለበት ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በቆርቆሮው ምሳ ዕቃ እየከተተች ነበር። በሆዷም «ዛሬ ይኼ ሰው ከማዞሪያው ከተመለሰብኝ፣ ከዚያ ወንበር የሚያነሳው ክሬን ብቻ ነው» አለች። ክዳኑን ጥርቅም አደረገችው።

እንግዲህ ሾፌር ተሳፋሪ ሲሆን አይታችሁ ታውቃላችሁ? አያድርስ ነው። በየመታጠፊያው እግሩ ወለሉን ይረግጣል። «ፍሬን! ኧረ ፍሬን ያዝ! ምን ያለው ነው ይኼ!» አዲሱ ሾፌር ወጣት ነው፣ አልሰማም።

«አባባ» አለ አማቹ፣ «ወለሉን ቀስ አድርገው ይርገጡት፤ በስተው ከወጡ በእግርዎ ሊነዱት ነው።»

ጉንጬ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ከመቀመጫዋ ተንሸራታ ወረደች።

ማዞሪያው ላይ ሁሉም ወረዱ። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ተራራው አዞሩ። ሾፌሩስ? ሾፌሩ እጆቹን ኋላ አጣምሮ፣ ረጋ ብሎ፣ ዛፉን ዞረው። ዞረና ፊቱን ወደ ከተማ አድርጎ ቆመ።

«አባባ፣ ሐይቁ እኮ በዚያ ነው» አለች ጉንጬ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ወደዚህ ዞርክ?»

«ዞሬ ነው የምጠብቀው። እናንተ ሂዱ።»

ነርሷ ለመነች። አማቹ ክንዱን ይዞ ጎተተ፤ ወይ ፍንክች! ቀለበት ደሟ ፈላ። እንዴት እንደመጣላት እንጃ፣ እጇ በገዛ ራሱ ተነሳና ቀለበቱ ምሳ ዕቃው ላይ አረፈ። ኳ ኳ!

የሾፌሩ እግር ተነሳ! ወይኔ ልጆቼ፣ ጉልበት አንሶት አልነበረም፤ ሰውየው ጥይት ሆኖ ሄደ። ምን ዋጋ አለው፣ ፊቱ ወደ ከተማ ነበርና የሄደውም ወደ ከተማ ነው።

«እማዬ፣ እያመለጠን ነው!» ጮኸች ነርሷ።

ኳ! ቀጥ አለ።

ያን ጊዜ ሦስቱ ትልልቆች ከበቡትና እንደ ቁም ሣጥን ቀስ አድርገው አዞሩት። ጉንጬ ከኋላ ሆና «ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ፣ በቃ!» ትላለች። ቀለበት እንደገና ኳ ኳ አደረገች፤ ሾፌሩም ሽቅብ ተፈተለከ።

«ማነው የገፋኝ?» ይላል እየሄደ።

«ማንም አልገፋህም! ሳበው!»

መንገዱ እንደተባለው ቀላል ነበር፤ ለስላሳ አፈር፣ ጥላ፣ ከዛፎቹ ቅርፊት የሚወጣ የሙጫ ሽታ። ሾፌሩ ከፊት፣ ቤተሰቡ በመሀል፣ ቀለበት ከኋላ። በየመታጠፊያው ሰውየው በአፉ «ጲጵ!» እያለ ክላክስ ያደርጋል። ከላይ የሚወርዱ ሰዎች ሲመጡ ቀኙን ይዞ ያሳልፋቸዋል፤ ለባልደረባ ሾፌር እንደሚደረገው እጁንም ያነሳላቸዋል። ሰዎቹ ግራ ተጋብተው እጃቸውን ያነሳሉ። አማቹ ጫማው ውስጥ ጠጠር ሲገባበት «ወራጅ አለ!» ይላል፤ ኳ። ጉንጬ የዛፍ ፍሬ ስታይ «ወራጅ አለ!» ኳ። ሽንቷ ሲመጣ «ወራጅ አለ፣ ቶሎ!» ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ነርሷ ሳቅ በሳቅ ሆና ስቅታ ያዛት፣ ስቅታዋም ሌላ ሳቅ አመጣ። ቀለበት ከኋላ ሆና ታያለች፤ ማጅራቱ ላይ ሁለት መስመር! መጣልኝ አለች በልቧ።

አንድ የወደቀ ግንድ ያለበት ቦታ ሲደርሱ ግን፣ መንገዱ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ይገባል። ሾፌሩ ሳይንኳኳ ቆመ። ኳ ኳ። አልሄደም። ኳ ኳ! ግንዱ ላይ ተቀመጠ።

«ጉልበትህ ነው አባዬ?» አለች ነርሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ።

«ጉልበቴ ደህና ነው።» ወደ ጫካው ተመለከተ። «መንገዱን አላውቀውም። በማላውቀው መንገድ ሰው ጭኜ ሄጄ አላውቅም። ብሳሳትስ? ሁላችሁም ከኋላዬ ናችሁ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሂዱ ልጆቼ፤ እኔ ማዞሪያው ጋ እጠብቃችኋለሁ» አለ።

አማቹ አፉን ሊከፍት ሲል ነርሷ ቆነጠጠችው። ቀለበት መጥታ ምሳ ዕቃውን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። ቀለበቷን ልታወልቅ ብትስበው ብትስበው፣ ከጣቷ ጋር ተዋህዷልና አልወጣ አለ።

«በራስህ አንኳኳ» አለችው። «ያንተ ቀለበት ስንት ዘመን ሙሉ ሥራ ፈቶ ነው የኖረው። ዛሬ እኔ ሾፌር፣ አንተ ረዳት።»

«አንቺ? መንጃ ፈቃድ አለሽ?»

«ማጅራትህን ሳይ የኖርኩት ይበቃኛል።»

«መንገዱን ታውቂዋለሽ?»

«እኔ የት አውቄው! ብንጠፋ አብረን ነው የምንጠፋው። ደግሞ አማችህ አለ፤ እሱ ያለበት ሰው ጠፍቶ አይቀርም፣ ድምፁን ሰምተው ይመጣሉ።»

ከሁሉም ፊት ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ዞራ አላየችም፤ ሾፌር ዞሮ አያይም። ስፖኪዮ የላት። ከኋላ ምን እንደሚደረግ ሳታውቅ ስትቆም የመጀመሪያዋ ነበር። ይሄኔ ተነስቶ ቁልቁል ሄዶ ይሆን? አንድ ወፍ ጮኸ። የነርሷ ስቅታ ተሰማ።

ኳ።

ልቧ ወረደ። አንዴ ብቻ ነው፤ ቁሚ ማለት ነው።

«ቆይ ቆይ፣ እጄ አልለመደም» አለ ድምፁ። ኳ ኳ!

ሄደች! እሱም ከኋላ፣ አፉ ተፈታ። «ለካ ከኋላ እንዲህ ነሽ! በስፖኪዮ ይሄ ሁሉ አይታይም ነበር እኮ!»

«አባዬ! ልጅ ትሰማለች!»

«ትስማ! አያቷን አይደል የማደንቀው? ሾፌር፣ ፍጥነት ቀንሺ፣ ተሳፋሪ ዕድሜው ገፍቷል!»

ቀለበት ግን በሥራ ላይ ናት። ሥር እንዳያደናቅፋት ዓይኗን ከመሬት አልነቀለችም። መንገዱ ታጠፈ፣ ዛፎቹ ሳሱ፣ አየሩ ቀዘቀዘ። ከኋላዋ የነበረው ወሬ በአንዴ ጸጥ አለ። ሐይቁ ወለል ብሎ ተኝቶ ነበር፤ ዙሪያውን በጫካ ተከቦ፣ ሰማዩን እንዳለ ተሸክሞ። ነርሷ ቆመች፣ አማቹ እንኳ ዝም አለ። አዲሱ ረዳት ምሳ ዕቃውን እንዳቀፈ አፉን ከፍቶ ቀረ። ማንኳኳቱንስ ማን ያስታውሰው?

ሾፌሯም አልተንኳኳምና አልቆመችም። ሣሩን አለፈች፣ ጠጠሩን አለፈች። ውሃው ቁርጭምጭሚቷን ያዛት። ያን ጊዜ ቀና አለች፣ አየችው። ግን እኮ ሕግ ሕግ ነው! ቀሚሷን ሰበሰብ አድርጋ ቀጠለች።

«እማዬ! ቁሚ!»

«አልተንኳኳም!»

«አባባ፣ አንኳኳ! አንኳኳ እንጂ!» ጉንጬ ትዘላለች።

እሱ ሊያንኳኳ ይሞክራል፣ ከሳቁ ብዛት እጁ አልታዘዝ አለው። ምሳ ዕቃው ተከፈተና እንቁላሎቹ አንድ በአንድ እየተንከባለሉ ሐይቁ ገቡ። «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ አማቹ፣ እንቁላሎቹን እያየ። ሾፌሩ ምሳ ዕቃውን ጣለና ከነጫማው፣ ከነኮቱ፣ ውሃውን እያንቦጫረቀ ሮጠ። ልብ በሉ፣ ዳቦ ቤት አልሄድም ያለው ሰውዬ ነው የሮጠው። ደርሶ ክንዷን ሲይዝ ውሃው ጉልበታቸውን አልፏል።

ቀለበት ዞር ስትል ባሏ ከፊቷ አይደለም፣ ከኋላዋም አይደለም፤ ከጎኗ ነው። ከጎን ስታየው ሌላ ሰው መሰላት፤ ሲስቅ ጆሮው የሚነቃነቅ ሰው። «ጆሮህ ይሄ ሁሉ አመል ነበረው?» አለችው፤ ተያይዘው ተንከተከቱ። ነርሷ ከዳር «ብርድ ይመታችኋል!» እያለች ጉንጬ ሾልካ ገባች፣ እሷን ሊይዝ አማቹ ገባ፣ በመጨረሻ ነርሷም ገባች።

ሾፌሩ ፊቱን ጠረገና ወደ ማዶ አየ። ከሐይቁ ባሻገር አንድ ቀጭን መንገድ ሽቅብ ዛፎቹ ውስጥ ይገባል።

«ያ መንገድ የት ነው የሚያደርሰው?» አለ።

«እንጃ፣ አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም!» አለ። እንዲህ ሲል እንደ ሕፃን ነበር የሚፍለቀለቀው። «በሚመጣው እሁድ እንሂድበት?»

እንግዲህ ልጆቼ፣ ሌላው ቢረሳችሁ አልቀየማችሁም። ያ ሰው «እኔም አላውቅም» ሲል እንዴት ደስ እንዳለው፣ ያቺን ብቻ አስታውሱልኝ።