የሣልስቱ ኪኒን

ለቀስተኞቹ «እግዜር ያጥናህ!» እያሉ ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። ወንድምአገኝ ብድግ ብሎ «አሜን» አለ፤ ቀኝ እጁ ግን ከኮቱ ኪስ አልወጣም። የኪኒኑን ብልቃጥ ጨብጧል።

ዛሬ ሣልስት ነው። ታላቅ ወንድሙ ይሥሐቅ ከተቀበረ ወዲህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሚውጠው ኪኒን ሁለቴ አምልጦታል። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውማ! ራሱን እንዳይጎዳ ብለው ሽንት ቤት እንኳ ሁለት ሰው ይከተለዋል። ጉድ እኮ ነው፤ እየጎዱት ያሉት እነሱው!

«ሟቹን ምን ነበር ያመመው?» ከሞላሌ የመጣ እንግዳ አንሾካሾከ።

«ወባ ነው አሉ። ያ የሐይቅ ዳር ወባ።»

ወንድምአገኝ ግን እውነቱን ያውቃል። ሁለቱ ወንድማማቾች ስድስት ዓመት ዝዋይ ላይ በአንድ ጀልባ ዓሣ አስግረዋል። የተመረመሩትም አንድ ቀን፣ ውጤታቸውም አንድ ነበር። ማዕበል የማይፈራው ይሥሐቅ መድኃኒቱን ሰዓት ሳያዛንፍ ይውጥ ነበር፤ እስካለፈው ፋሲካ ድረስ። ለበዓል ወደ ቤት ሲመጡ አባታቸው አቶ ወሰኔ ሲውጥ አዩት። የምን እንደሆነ አላወቁም።

«አዬ የኔ ጎበዝ! ወንድ ልጅ እንደ ባልቴት ኪኒን ይቅማል?» ብለው ሳቁ። ጎረቤቱም ሳቀ። ይሥሐቅም አብሮ ሳቀ፤ ዝዋይ ሲመለስ ግን ብልቃጡን ሐይቁ ውስጥ ወረወረው።

«ምን ነካህ? ብትሞትስ?» አለው ወንድምአገኝ።

«ተወኝ ባክህ! ይኸው ደኅና አይደለሁ?»

ጥቅምት ላይ ሳል ጀመረው።

ሁለት ሰዓት ሞላ። ወንድምአገኝ ጉሮሮውን ከረከረውና አሳለው። አንዴ ብቻ ነው፤ ግን የይሥሐቅን ሳል አስታወሰው። ያን የአባቱን ሳቅ ከሞት አብልጦ ይፈራው ነበር። አሁን ግን ሞቱ ራሱ ፍራሹ ላይ አጠገቡ የተቀመጠ መሰለው። «ኧረ እኔስ አልሞትም!» አለ ሳያስበው፤ ብልቃጡንም አውጥቶ አንዲት ኪኒን መዳፉ ላይ ጣለ። የድንኳኑ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየው።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ አባቱ።

«የኤች አይ ቪ መድኃኒት ነው፣ አባባ። ይሥሐቅም ነበረው። ትቶት ነው የሞተው።»

ሰዉ አቀረቀረ። አቶ ወሰኔ ግን ዓይናቸውን ከኪኒኗ አልነቀሉም።

«ያን ፋሲካ... የሳቅሁበት ይኸ ነው?»

አይደለም ሊላቸው ፈለገ፤ እንዳይሰበሩበት ፈራ። ራሱን ግን በአዎንታ ነቀነቀ።

ሽማግሌው አባት ሰው ተደግፈው ተነሡ። ውኃ በኩባያ ቀዱ፤ ግማሹ የለበሱት የሱፍ ባና ላይ ፈሰሰ።

«ዋጣት፣ ልጄ።»

ኩባያውን እንደ ሕፃን ከንፈሩ ላይ ያዙለት። ዋጠ። ውኃው አለቀ፤ እሳቸው ግን ኩባያውን ከከንፈሩ አላነሡትም።