በስኒ የተቀመጡ ብሎኖች

ምስጢር እንግዳይቱ ጠጥታ የጨረሰችውን ስኒ ተቀበለችና ወደ ውስጥ ተመለከተች። አተላ ብቻ ነው። ከአጠገቧ ያለችውንም ሴት ስኒ ተቀብላ አየች፤ ያም አተላ። ሦስተኛዋ ገና እየጠጣች ስለነበር ፊቷ ቆማ ጠበቀቻት።

«ኧረ ልጄ፣ አንቺ ሐዘንተኛ ነሽ፤ ቁጭ በይ» አለች ሴትዮዋ፣ ስኒዋን ወደ ደረቷ ሸሸግ እያደረገች።

ምስጢር አልተቀመጠችም። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሴቶች ተያዩ። ትናንት ሀና ማርያም አባቷ ሲቀበር አንዲት ዘለላ እንባ ያልወጣት ልጅ፣ ዛሬ የለቀስተኛ ስኒ ትበረብራለች። «ድንጋጤ ነው» አለች አንዷ በሹክሹክታ። «ድንጋጤስ እንዲህ አያደርግም» አለች ሌላዋ። ልቅሶ ቤት ውስጥ ቀስ ተብሎ የሚወራው ሁሉ ሐዘንተኛው ጆሮ እንደሚገባ ማንም ልብ አይለውም።

ምን ብላ ታስረዳቸው? የጠፉባት ሰባት ብሎኖች ናቸው። የላፕቶፕ ብሎኖች፤ ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጡም። ቅዳሜ ከሰዓት ፈትታ ጠርዟ የተሸረፈ ስኒ ውስጥ አድርጋ መስኮቱ ላይ አስቀመጠቻቸው። አባቷ የሞተው በዚያው ሰዓት ነው። ጩኸቱ ሲሰማ የእድሩ ሴቶች መጡ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ስኒ በሙሉ ለቃቅመው አጥበው ለሰው ቡና አቀረቡበት። የተሸረፈችውም አብራ ሄደች። እነሱ ምን አጠፉ? ልቅሶ ቤት ስኒ ይጎድላል እንጂ አይተርፍም።

ላፕቶፑ ሆዱ እንደተከፈተ ከአባቷ አልጋ ሥር፣ በፎጣ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ገጥማው፣ አብርታው አንድ ነገር ማየት አለባት። ካላየች ከእንግዲህ እንዴት እንደምትኖር አታውቅም።

አባቷ በኃይሉ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ተሳቢ መኪና ይዞ አሰብ የተመላለሰ ሾፌር ነበር። ከአራት ዓመት በፊት በስኳር ምክንያት ግራ እግሩ ተቆረጠ። አምና ደግሞ የድንበሩ ጦርነት መጣና የአሰብ መንገድ ተዘጋ። «እግሬም መንገዴም ተቆረጡ» አለ ዜናውን ሰምቶ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ሲበላም ሲጠጣም የሚያናግረው ሰው አይፈልግም ነበር።

ምስጢር ኮምፒውተር አስተማሪ ናት። የሥራ ቦታዋ ሊጥለው የነበረውን አሮጌ ላፕቶፕ ለምና፣ ጠግና ቤት አመጣችው። የመኪና ጨዋታ ነበረበት። ትንሽ ቢያስቀው ብላ ጭኑ ላይ ትራስ አድርጋ አስቀመጠችለት። መጀመሪያ «የልጅ ነገር» ብሎ ገፋው። በሳምንቱ ግን ጠዋት ስትገባ ፊቱን ታጥቦ፣ ጺሙን ተላጭቶ ይጠብቃት ጀመር። ሾፌር ሳይላጭ መንገድ አይወጣም ይል ነበር። በሁለት ጣቶቹ የኪቦርዱን ቀስቶች እየተጫነ ይነዳል፤ በረሃ ሲመጣ «ይሄ ከባቲ በታች ነው» ይላታል። መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ከብርድ ልብሱ ሥር የቀረችው ጉማጅ እግሩ ትንቀሳቀሳለች። ማርሽ ሊቀይር ፍሪሲዮን እየረገጠ ነው። ምስጢር ይህን ያየች ቀን ከደስታዋ ብዛት ጓሮ ሄዳ አለቀሰች።

አንድ ዳገት ግን አሸነፈው። ዳገቱ ላይ ዛፉና ቤቱ ሲበዛ ላፕቶፑ አቅም ያጣል፤ ምስሉ ይቆማል፣ ይዘላል፣ መኪናው ገደል ይገባል።

«ናፍጣው አየር ስቧል» አላት በኃይሉ። «ይንተፋተፋል እኮ፣ አትሰሚውም?»

«ሜሞሪው አንሶ ነው አባባ። ስምንት ሜጋ ነው ያለው፤ ሠላሳ ሁለት ባደርገው ዳገቷን አንዴ ነው የሚወጣት።»

«ከዳገቷ ወዲያ ምንድን ነው ያለው?»

«እኔም አላውቅም። እዚያ ደርሼ አላውቅም።»

ሁለት ወር ሙሉ ሜሞሪ ስታፈላልግ ከረመች። በመጨረሻ ሥራ ቦታዋ ውስጥ ከተሰበረ ሌላ ላፕቶፕ አስፈቅዳ ነቀለች። ቅዳሜ በመሐረብ ጠቅልላ ይዛው መጣች።

ዕቃ የማጠቡን ሥራ የያዘችው ጎረቤታቸው ትሩፋት ናት። ምስጢር የሰው ስኒ መበርበሩ ሲሰለቻት ጓሮ ሄደችና ጠየቀቻት።

«የተሸረፈች ስኒ ነበረች፤ ውስጧ ትንንሽ ብሎን ነገር...»

ትሩፋት እጇ ሳፋው ውስጥ እንዳለ ቀና አለች። «ውይ፣ እኔ ቆሻሻ መስሎኝ ከእጣቢው ጋር ደፋሁት። በምን ልወቅ ምስጢርዬ? ጩኸት በጩኸት ነበር።»

«የት?»

ትሩፋት በሳሙና እጇ ድንኳኑን አሳየቻት። ድንኳኑ ሳይተከል ደጁ ላይ ነው የደፋችው። አሁን ቦታው በሰኔ ዝናብ ጭቃ ሆኗል፤ በላዩ ላይ የሰፈሩ ሰው ተቀምጦበታል።

ምስጢር ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ተንበረከከች። ከአግዳሚዎቹ ሥር ጭቃውን በጣቶቿ ትጭር ጀመር። ሰው እግሩን አነሣላት። ካርታ ይጫወቱ የነበሩት ሽማግሌዎች ጨዋታቸውን አቆሙ። የአባቷ ታላቅ እህት እትዬ ሸጊቱ መጥታ ክንዷን ይዛ አነሣቻት።

«ምን ሆነሻል? በሰው ፊት?»

«እትዬ፣ ላፕቶፑን መግጠም አለብኝ።»

«ወንድሜ ትናንት አፈር ገብቶ? ቴሌቪዥኑን ወደ ግድግዳ ያዞርኩት ለምን ይመስልሻል? አርባው ሳይወጣ እዚህ ቤት የሚከፈት ነገር የለም። አባቷ ሞቶ ጨዋታ ከፈተች አይልም ሰው?»

«ይበል።»

«አላለቀስሽለትም እንኳ» አለች እትዬ ሸጊቱ። ይህን ስትል የራሷ ድምፅ ተሰበረ።

ምስጢር እጇን ኪሷ ከተተችና ከቅዳሜ ጀምሮ ያልተለያትን ላጲስ ጨበጠች።

ቅዳሜ ሜሞሪውን ሰክታ ላፕቶፑን ስታበራው ጮኸ እንጂ አልነሣ አለ። ወደ ውስጥ የሚሰካው የሜሞሪው ጥርስ ቆሽሿል፤ በላጲስ ቢታሽ ይሠራል። አባቷ ከጠዋት ጀምሮ ደክሞት ነበር፤ ግንባሩን አልቦታል።

«ምስጢሬ፣ ተይው በቃ፤ በድሮው ግጠሚልኝ። ቢንተፋተፍም ግድ የለም፤ አንድ ዙር ልንዳ።»

«ፈትቼዋለሁ እኮ አባባ። ላጲስ ገዝቼ ልምጣ፤ ሁለት ደቂቃ።»

«ዛሬ መንዳት አምሮኛል።»

«ሁለት ደቂቃ አልኩህ» አለችው። ቆጣ ብላ ነበር።

ባለ ኪዮስኩ ላጲስ ፍለጋ ካርቶን ሲያገላብጥ ቆየ። ስትመለስ አባቷ ሁለት ጣቶቹን ብርድ ልብሱ ላይ ዘርግቷቸዋል፤ ልክ ቀስቶቹ ላይ እንደሚያደርጋቸው። ጠራችው። ደግማ ጠራችው።

እንግዲህ ሜሞሪው የማይሠራ ከሆነ የአባቷን የመጨረሻ ዙር የቀማችው ለከንቱ ነው። የሚሠራ ከሆነስ? እሱንም አታውቅም። ሳታውቅ ግን አርባ ቀን መቀመጥ ቀርቶ አንድ ሌሊት መተኛት አልቻለችም።

ማክሰኞ፣ በሠልስቱ፣ ድንኳኑ ሲፈርስ ዑስማን ከኮምቦልቻ ደረሰ። በወጣትነቱ የበኃይሉ ረዳት የነበረ፣ ኋላ ራሱም ሾፌር የሆነ ሰው ነው። የመንገዱን አቧራ ሳያራግፍ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ።

«ዳገት ላይ ስንቆም መኪናው እንዳይንሸራተት ከጎማው ኋላ ታኮ የማስገባው እኔ ነበርኩ» ይላል ላጽናናው ሰው ሁሉ። «‹ይዟል› ካላልኩት እግሩን ከፍሬን አያነሣም ነበር። ሌላ ሰው ቢለው አያምንም።»

ምስጢር ድንኳኑ የተነሣበት ጭቃ ላይ ተንበርክካ ነበር። ዑስማን መጥቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«አላህ ያጽናሽ ልጄ። ምን ጠፋሽ?»

ነገረችው። ስኒውንም፣ ላጲሱንም፣ ሁለት ደቂቃውንም፣ ለማንም ያልነገረችውን ሁሉ ጭቃው ጭቃውን እያየች ነገረችው። ላጽናናሽ አላላትም።

«በስኒ ነው ያስቀመጥሻቸው?» አለ በመጨረሻ።

«ብሎን መሬት አይቀመጥም እያለ አስተምሮኝ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔንም በጥፊ ነው ያስተማረኝ። ሚሌ ላይ አሸዋው ሁለት ብሎን ውጦብን፣ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ተሰጣን።» ተነሥቶ ወደ ቤት ገባ። ከአልጋው ሥር የበኃይሉን የመፍቻ ሳጥን ጎትቶ በሲባጎ የታሰረ ክብ ማግኔት ይዞ ወጣ፤ ከአሮጌ ሬዲዮ የተፈታ ነው። «ከዚያ ወዲህ መንዳት እስኪተው ይሄ ከመኪናው አልወረደም።»

ማግኔቱን ጭቃው ላይ እየጎተቱ ዞሩ። ቆርኪ ወጣ፣ ምስማር ወጣ፣ የዛገ መርፌ ወጣ። ከዚያ አንዲት ብሎን። ትሩፋት ሳፋዋን ትታ እየሮጠች መጣች፤ «ወደዚህ ነው፣ ወደ አጥሩ ጠጋ ብዬ ነው የደፋሁት» ብላ አሳየቻቸው። እዚያ ደግሞ አራት ተገኙ። ሁለቱ ግን የውሃ ሽታ ሆነው ቀሩ።

«ጎማም በጎደለ ብሎን አሰብ ገብቷል» አለ ዑስማን። «በአምስት ግጠሚው።»

ምስጢር ገብታ የአባቷ አልጋ ላይ ተቀመጠች። ዑስማን ከኋላዋ ገባ፤ እትዬ ሸጊቱም ተከትላቸው መጣች፤ ትከለክላለች ሲባል በሩን ዘግታ እዚያው ቆመች። ምስጢር የሜሞሪውን ጥርስ በላጲሱ አሸች፣ ሰካችው፣ አምስቱን ብሎኖች አጠበቀች። ላፕቶፑን ትራሱ ላይ አስቀምጣ አበራችው።

ስክሪኑ ላይ የሜሞሪው ቁጥር መሮጥ ጀመረ። ስምንት ሺህን አለፈ። አሥራ ስድስትን አለፈ። ሠላሳ ሁለት ሺህ ላይ ደርሶ ቆመ።

«ሠራ» አለች።

ከዚያ ነው ያለቀሰችው። አልጋው ላይ ታጥፋ፣ «ሁለት ደቂቃ ነበር የቀረው አባባ፣ ሁለት ደቂቃ» እያለች ጮኸች። ባይሠራ ይሻላት ነበር። ባይሠራ ራሷን ትረግም ነበር፤ ሠርቶ እሱ አለማየቱን ግን የምትችልበት አቅም አልነበራትም። እትዬ ሸጊቱ ደረቷ ላይ አስጠግታት አብራት አለቀሰች። ከበሩ ውጭ የነበሩት ሴቶችም ሰምተው ተቀበሏቸው።

ልቅሶው በረድ ሲል ምስጢር ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ድምፁን ዘግታ ጨዋታውን ከፈተችው። መንገዱ ተዘረጋ። በረሃው አለፈ፣ መታጠፊያው አለፈ። ዳገቱ ላይ ዛፉና ቤቱ መጣ፤ መኪናው አልተንተፋተፈም። እየወጣ፣ እየወጣ ሄዶ ጫፉ ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ምስጢር የፍሬኑን ቀስት ተጫነች። መኪናው ዳገቱ ላይ ቆመ።

«ምነው?» አለች እትዬ ሸጊቱ።

«እሱ ያላየውን አላይም።»

ጣቷን ከፍሬኑ ቀስት አላነሣችም። ዑስማን አየው። ኮፍያውን ከራሱ አወለቀ፣ ሁለት ጊዜ አጠፈው፣ ጎንበስ ብሎም ከላፕቶፑ ኋላ አስገብቶ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ አጠበቀው።

«ይዟል» አለ።

ምስጢር ጣቷን አነሣች።