የዩሪያ ቁንጥር

ጉድ እኮ ነው! ዩሪያውን በቀነስኩ ቁጥር ዱቄቱ ይብስ ይጠቁራል።

የምንሠራው የሴራሚክ ዱቄት ነው። እኔ ናይትሬት የሚባለውን ጨውና ዩሪያ መዝኜ በውሃ እበጠብጥና በሳህን ለአጎቴ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ምድጃ ውስጥ ከትቶ በበሩ ላይ ባለችው መስተዋት እያየ ያነደዋል። ዩሪያው ማገዶው ነው። ልክ ከሆነ ድብልቁ አረፋ ይደፍቅና ስስ ነበልባል አሳይቶ ነጭ ብናኝ ይሆናል። ከበዛ ግን ከሰል ይቀርበትና ግራጫ ጓል ይወጣል። ይህን ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እንኳ እነግራችኋለሁ።

ታዲያ የኔው ለምን ግራጫ ሆነ? ሚዛኑን ጠርጥሬ አስፈተሽኩ፤ ደህና ነው። ናይትሬቱን ለወጥኩ። ዩሪያውን ደግሜ ቀነስኩ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ሥራ አስኪያጁ ዛሬም ነጭ ካልወጣ ሌላ ቀማሚ እንደሚቀጥር ቁርጡን ነግሮኛል።

ጠዋት ሳህኑን ለአጎቴ ሰጥቼ ወጣሁና መነጽሬን ረስቼ ተመለስኩ። ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ከዩሪያው ዕቃ እየቆነጠረ ሳህኔ ላይ ይነሰንሳል። ደሜ ፈላ። እኔ ስቀንስ እሱ ሲጨምር! የእናቴ ወንድም ባይሆን ምን እንደምለው እኔ ነኝ የማውቀው። ምን እያደረግክ ነው አልኩት። አልካደም። ያንቺ ቅልቅል አልነድ ብሎ አስቸገረኝ፤ ቁንጥር ስጨምርበት ግን ቦግ ይላል፤ እንዳትባረሪብኝ ብዬ ነው አለኝ።

እንዴት አይነድም? ጭራሽ ዞረብኝ። አዲስ ሳህን በጥብጬ፣ ምድጃው ውስጥ አስገብቼ ከአጎቴ ጎን ቆምኩ። አረፋው ተነሳ፤ ከዚያ ገርጣ ያለች ነበልባል ከዳር እስከ ዳር ሮጠች። በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

"አየሽ?" አለኝ፣ ዓይኑን መስተዋቷ ላይ እንደተከለ። "አልነደደም።"

እየቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አይቀልድም። ያቺን ገርጣ ነበልባል ዓይኑ አላየላትም። ሳህኑ ሲበርድ ከዱቄቱ ዘግኜ መዳፉ ላይ አደረግኩለት። በጣቱ አሸት አሸት አድርጎ ጓል ቢፈልግ አጣ።

ኮሪደሩ ላይ የሥራ አስኪያጁ ኮቴ ተሰማ። ስህተቱ ምን ነበር ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እውነቱን ብናገር አጎቴን ማስወጣቴ ነው፤ ብዋሽስ ነገ ማን ያነዳል?

"አንቺ ዝም በይ፤ እኔ እነግረዋለሁ" አለኝ፣ መዳፉን እንደዘረጋ። "ብቻ ነጭ ነው አይደል?"

ነጭ ነው አልኩት።