የሳሎኑ ባሕር

«ይሄ ውሃ ዛሬውኑ ይደፋ!» አለች እታለም፣ በሁለት እጇ የተሸከመችውን ወንበር የምታሳርፍበት ቦታ ስታጣ። «ለቀስተኛው ደረጃ ላይ ቆሟል እኮ። ሰው ቆሞ ውሃ ተንጣልሎ ይተኛ?»

እታለም የሟቿ ታላቅ እህት ናት። ቤተ ዘመዱ ሁሉ በዚሁ ነው የሚጠራት፤ ባልየውም እንደዚያው። ሳሎኑ ውስጥ የነበሩት በሙሉ ወደ ገንዳው ዞሩ። ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው የመስታወት ገንዳ የብረት ማቆሚያ ላይ ተቀምጦ አንዱን ግድግዳ ይዞታል። ውስጡ ጥርት ያለ ውሃ፣ ነጭ አሸዋና በጥንቃቄ የተደራረበ ድንጋይ አለ። ሌላ ምንም የለም። ለዓይነት እንኳ አንድ ዓሣ የለበትም።

ባልየው ከተቀመጠበት ጥግ ቀና አለ። በሙያው የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ስለ ውሃ ከተጠየቀ ሐዘን ላይም ሆኖ መልስ አያጣም።

«እታለም፣ አንድ ቶን ነው። በባልዲ የሚደፋ አይደለም።»

«ታዲያ በምንድን ነው የሚደፋው?»

«በጎማ። ግማሽ ቀን ይፈጃል።»

«እንግዲያው ነገ በጠዋት ይጀመር።»

«ይሁን» አለ።

እታለም ለክርክር ወገቧን ታጥቃ ስለነበር፣ ነገሩ እንዲህ በአንድ ቃል ማለቁ ቅር አሰኛት። ወንበሩን እንደያዘች ወደ ኮሪደሩ ተመለሰች።

ሚስቱ ከተቀበረች ሁለተኛ ቀኗ ነው። የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበረች። ማክሰኞ ዕለት፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ቤተ ሙከራው ውስጥ «ቆይ እስቲ» ብላ ጠረጴዛውን ያዝ አደረገችና ወደቀች። ሆስፒታል ሲደርሱ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ሐኪሙ ጭንቅላቷ ውስጥ የደም ሥር መፈንዳቱን ነግሮ፣ «ማንም ቀድሞ ሊያውቀው የሚችል ነገር አልነበረም» አለ። ባልየው ይህን ቃል ሊያጽናናው ለመጣው ሁሉ ደግሞታል። ራሱ ግን አላመነበትም።

በሩ አጠገብ ሁለት ጎረቤቶች ይንሾካሾካሉ።

«ዓሣዎቹስ የት ሄዱ?»

«ጭራሽ አልገቡም አሉ። አምስት ሳምንት ሙሉ ድንጋይ ነው የሚጠብቁት።»

«ድንጋይ?»

«ድንጋይ! ነፍስ ይማርና እሷን አንድ ቀን ጠይቄያት ነበር፤ ‹ዓሣዎቹ ተደብቀው ነው ወይ?› ብዬ። ‹የለም፣ ገና አልተወለዱም› አለችኝ፤ ኮስተር ብላ።»

ሁለቱም ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል አፋቸውን ያዙ።

ከሰዓት በኋላ አንድ አዛውንት ስለ ሟቿ ጥቂት ቃል ሊናገሩ ተነሡ። ሲናገሩ ከገንዳው ሥር የፓምፑ ጉርምርምታ አብሯቸው ይናገራል። እታለም ጎንበስ ብላ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለችው። ላይኛው ገንዳ ውስጥ የነበረው ውሃ በቱቦው አልፎ ከሥር ወዳለው ትንሽ ገንዳ ጥቂት ወረደ፤ ከዚያ ቆመ። ባልየው ሰማው። ዕድሜውን ሙሉ በግድግዳ ውስጥ ውሃ ሲያዳምጥ የኖረ ሰው ነው፤ ዝምታው ከየት እንደመጣ አላጣውም። ቢሆንም ተነሥቶ አልመለሰውም። አዛውንቱ ንግግራቸውን ጨረሱ፤ ሰዉም ሻዩን ይዞ ወደ ወሬው ተመለሰ።

ነገሩን የጀመረችው እሷ ነበረች። የዛሬ ዓመት ከምናምን አንድ ቀን፣ እራት ከተነሣ በኋላ፣ ባለካሬ ወረቀት ላይ የተሳለ ንድፍ ፊቱ ዘረጋችና «እስቲ በባለሙያ ዓይን እየው። የት የት ያፈሳል?» አለችው።

አየው። «እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህም» አለ፤ ከዚያ፣ «ለመሆኑ ምንድን ነው?»

«ባሕር ነው።»

የቀለደች መስሎት ነበር። አልቀለደችም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ጨው፣ ስለ አሲድ፣ ስለ ባሕር ውሃ በሰሌዳ ላይ ስታስተምር ኖራ፣ ኮራል የሚባለውን ድንጋይ መሰል የባሕር እንስሳ በሕይወት እያለ አንድ ቀን አይታ አታውቅም። «በጠመኔ ሰለቸኝ» አለችው። «አንዴ እንኳ በእጄ ልሥራው።»

እሷ ስትሠራ ደግሞ ነገር አይቸኩልም። ቤታቸው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ የሕንፃውን መሐንዲስ ፈልጋ አገኘች። ወለሉ ይህን ሁሉ ክብደት የሚችለው የትኛው ግድግዳ ሥር እንደሆነ፣ ምሰሶው በየት በኩል እንደሚያልፍ አስመረመረች። መሐንዲሱ ያመለከተው ቦታ የእናቷ ቡፌ የቆመበት ሆኖ ተገኘ። ቡፌው ወደ ኮሪደሩ ወጣ። እታለም ይህን ስትሰማ «የእናቴን ዕቃ ለዓሣ ብለሽ ከቤት አስወጣሽው?» ብላ ተቀየመች፤ ከዚያ በኋላ እህቷን እስክትቀብር ድረስ የዚህን ቤት ደጃፍ አልረገጠችም።

ማቆሚያውን እሱ በየደው። ቱቦውን እሱ ዘረጋ። የቧንቧው ውሃ በማጣሪያ አልፎ ጠብ ጠብ እያለ ገንዳውን ለመሙላት ስድስት ቀን ፈጀ። ጨዉን እሷ እየመዘነች እሱ አማሰለ። ድንጋዩ የገባ ዕለት እሱ በደስታ እጁን እያሻሸ «በቃ፣ ውሃ አለ፣ ጨው አለ፣ ድንጋይ አለ። ዓሣው ምን ይጠብቃል?» አለ።

«ኩላሊት።»

«የምን ኩላሊት?»

«ድንጋዩ ነዋ። ላዩ ላይ በዓይን የማይታዩ ነገሮች አሉ፤ የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጣሩት እነሱ ናቸው። ገና አልበዙም። አሁን ዓሣ ብንከት በገዛ ሽንቱ ተመርዞ ይሞታል።»

«መቼ ነው የሚበዙት?»

«ሲበዙ።»

እንዲህ ነበረች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ለቀስተኛ ከመብዛቱ በፊት፣ ባልየው ረጅሙን ጎማ ከመታጠቢያ ቤት እስከ ሳሎን ዘረጋ። አንዱን ጫፍ ገንዳው ውስጥ ሲያስገባ በሩ ተንኳኳ። አንዲት ወጣት ሴት ገባች። የዓሣ መደብር ያላት፣ የሚስቱ የቀድሞ ተማሪ ናት፤ ድንጋዩንም ጨዉንም ያመጡት ከእሷ ዘንድ ነበር። «እግዚአብሔር ያጥናህ» ብላ ተቀመጠች። ጥቂት አለቀሰች። ዓይኗን ጠርጋ ቀና ስትል ጎማውን አየች፤ ከዚያ ጆሮዋን ሰጠች።

«ፓምፑ ለምን አይሠራም?»

«ተነቅሎ ነው» አለ።

«መቼ?»

«ትናንት ከሰዓት።»

ዓሣ ሻጯ ብድግ ብላ ገንዳውን በእጇ መዳፍ ነካችው። ማሞቂያውም አብሮ ጠፍቶ ውሃው ቀዝቅዟል። ላዩ ላይ ስስ ቅባት የመሰለ ነገር ተኝቷል። «ጋሼ፣ ሕይወት ያለው ነገር እኮ ነው» አለች። «ውሃው ካልተንቀሳቀሰ ድንጋዩ ላይ ያሉት አየር ያጥራቸዋል። እስከ ነገ ከቆየ ድንጋዩ ይሞታል፤ ይሸታልም። መምህርት ቅዳሜ መጥታ የውሃውን መርዝ ቁጥር አሳይታኝ ነበር። ሊያልቅ ትንሽ ነበር የቀረው።»

እታለም ከማድ ቤት ብቅ አለች። «አንቺ ልጅ፣ ሰው ሞቶ ነው ስለ ድንጋይ የምታወሪው?»

«እትዬ፣ ይቅርታ። ግን የሷው እኮ ነው» አለች ዓሣ ሻጯ። «ተማሪ ቤት ‹ጠብታ› ነበር የምንላት። አንድ ጠብታ ካበዛን ሙከራውን ከመጀመሪያው ታስጀምረን ነበር። ጥንቃቄን የተማርኩት ከሷ ነው። እንዲህ ሲሆን ዝም ብዬ ማየት አልችልም።»

ባልየው ሶኬቱን ሰካ። ፓምፑ አቃሰተ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ውሃ አልገፋም።

«አየር ይዟል» አለ።

አየሩን ለማስወጣት ማቆሚያው ሥር ተጋድሞ ገብቶ የቱቦውን ማያያዣ ትንሽ ማላላት ይበቃል፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። መፍቻውን አመጣ። በጉልበቱ ተንበረከከ። እዚያው እንደተንበረከከ ቀረ። ሴቶቹ ጀርባውን ያያሉ።

«ምነው፣ አመመህ?» አለች እታለም።

በጀርባው ተጋድሞ ገባ። ከውጭ የሚታየው ከወገቡ በታች ብቻ ሆነ። መፍቻው ብረት ሲነካ ተሰማ።

«ማክሰኞ ጠዋት እዚህ ነበርኩ» አለ ከውስጥ። ድምፁ የታፈነ ነው። «ይሄ ማያያዣ ያንጠባጥብ ነበር። ‹ራሴን አሞኛል› አለችኝ። ‹ማስታገሻ ዋጪና ሂጂ› አልኳት፣ እንደተኛሁ። ትንሽ ቆይታ ‹ሄድኩ› አለች። ‹እሺ› አልኩ። ጫማዋን ብቻ ነው ያየሁት፣ እታለም። ወጥቼ ፊቷን አላየሁም።»

እታለም ቆማ ቀረች። ዓሣ ሻጯ ቀስ ብላ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። እታለም ወንበር አልፈለገችም፤ ቀሚሷን ሰብስባ ከእግሮቹ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ደግሞ ሰኞ ደውላልኝ ነበር» አለች። «‹ነይና እዪው፣ ገና ባዶ ነው ግን ያምራል› አለችኝ። ‹ባዶ ነገር ለማየት ታክሲ አልሳፈርም› አልኳት። ሳቀች። እኔ ለማቁሰል ነበር የተናገርኩት፤ እሷ ግን ሳቀች።»

ደረጃው ላይ የመጀመሪያዎቹ ለቀስተኞች ኮቴ ይሰማል።

«ፍታው እንግዲህ» አለች እታለም። «አየሩ ይውጣ።»

ማያያዣው ሲላላ አየሩ ፊሽ አለ፤ ውሃ ፊቱ ላይ ተረጨ፤ ፓምፑ ጉርምርምታውን ጀመረ። ባልየው ወጥቶ ሲቀመጥ ፊቱ በሙሉ እርጥብ ስለነበር የቱ የውሃው፣ የቱ የሱ እንደሆነ አይለይም። ጎማውን ከገንዳው ያወጣችው እታለም ናት። እሷው ጠቅልላ ወደ መታጠቢያ ቤት መለሰችው።

«እና ወንበሩስ?» አላት።

«ኮሪደር ይደረደራል። ቡፌውን ትንሽ ገፋ አድርገን።»

ዓሣ ሻጯ ከመሄዷ በፊት ውሃውን ለካች። በትንሽ ብልቃጥ ቀድታ መድኃኒቱን ጠብ ጠብ አደረገችበት፤ ቢጫ መሆን የነበረበት አረንጓዴ ሆነ። «አሞኒያው፣ ያ መርዙ፣ ተመልሷል» አለች። «ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም። በየቀኑ እየለካችሁ መጠበቅ ነው።»

ባልየው ጠብታውን ሲቆጥር ቁጥሩ ይጠፋበት ስለነበር የመለካቱን ሥራ እታለም ወሰደችው። መነጽሯን አድርጋ፣ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ይዛ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትቆጥራለች። በዚያ ሰዓት የገባ ለቀስተኛ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ሲላት፣ ጣቷን ከፍ አድርጋ ታስቆመዋለች፤ ቆጥራ ስትጨርስ «አሜን» ትላለች። በአምስተኛው ቀን ጎረቤቶቹ ራሳቸው «ዛሬስ እንዴት ዋለ?» ማለት ጀመሩ። በሰባተኛው ቀን አንዷ «ትናንት አረንጓዴ ነበር፣ ዛሬ ሎሚ መስሏል» ብላ ለመጣው ሁሉ ታበሥር ነበር። ባልየው ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ የጠየቀው በዚያ ቀን ነው። ሌሊቱን አልተኛም ነበር፤ ቢሆንም በላ።

ለቅሶው ተነሥቶ የተከራዩት ወንበሮች ከሄዱ በኋላ፣ በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ብልቃጡ ቢጫ ሆነ። እታለም አላመነችም። ደግማ ለካች። ከዚያ ስልኩን አንሥታ ለዓሣ ሻጯ ደወለች።

ዓሣ ሻጯ በላስቲክ ከረጢት ይዛ የመጣችውን ሲያዩ ሁለቱ ጎረቤቶች ተያዩ።

«ይሄ… ቀንድ አውጣ አይደለም እንዴ?»

«ቀንድ አውጣ ነው» አለች ዓሣ ሻጯ። «መጀመሪያ የሚገቡት እነሱ ናቸው። መስታወቱን ያጸዳሉ። ዓሣው ቀስ ብሎ ነው።»

«እኔን! ያ ሁሉ ጣጣ ለቀንድ አውጣ ኖሯል?»

በዚህ ቤት ውስጥ ከአሥራ ሦስት ቀን ወዲህ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲስቅ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ባልየውም ሳቀ። ዓሣ ሻጯ እንዳሳየችው ከረጢቱን ውሃው ላይ አንሳፈፈ፤ ጥቂት በጥቂት የገንዳውን ውሃ እየጨመረ አንድ ሰዓት ጠበቀ፤ አንዴም «ይበቃል ወይ?» አላለም። ከዚያ የሸሚዙን እጅጌ ጠቀለለና አምስቱን ቀንድ አውጣዎች አንድ በአንድ ድንጋዩ ላይ አሳረፋቸው።

የመጨረሻው ከእጁ ከወጣ በኋላም እጁን አላወጣም። ሞቃት ነው ውሃው። ጎረቤቶቹ ተሰናብተው ወጡ፤ ዓሣ ሻጯ ዕቃዋን ሰበሰበች። እሱ ክንዱን ገንዳው ውስጥ እንዳደረገ፣ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ቆሟል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ ግን የለውም።

እታለም መጥታ አጠገቡ ቆመች። ክንዱን ከውሃው አወጣችለት፤ ጥቁር ሻርፗን ከአንገቷ ፈትታ፣ ከጣቶቹ ጀምራ እስከ ክርኑ አደረቀችለት።