ክርስትናዋ እስኪደርስ

የእሑዱ የቀበሌ ስብሰባ እንደ ወትሮው ተንዛዝቶ፣ ገሚሱ ሰው አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ሲያንጎላጅ፣ የክሊኒኩ ጤና ረዳት ወጋየሁ ተነሥቶ የልጆች ነገር ሲያነሣ ሁሉም ነቃ። በፉሪ በኩል ትክትክ ገብቷል አለ። ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ሆኖ ወደ ክሊኒኩ የሚመጣው በወር አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የዚህ ወሩ ማክሰኞ ነው፤ አርባ አምስት ቀን የሞላው ሕፃን ሁሉ ይምጣ።

የክር ፋብሪካ ሠራተኛው ገብረ መድኅን ከኋላ ተቀምጦ በጣቱ አንጓ መቁጠር ጀመረ። በተጋቡ በዘጠኝ ዓመታቸው ያገኟት ልጁ ማክሰኞ ሰባ ሁለት ቀኗ ነው። ሴት ናትና ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ። ስምንት ቀን ይቀራታል። ይህችን ስምንት ቀን እያሰላሰለ ወደ ቤቱ ወረደ።

ባለቤቱ እፀገነት ልጇን አቅፋ ሰማችው። ልጃቸውን ሊያርሱ ከቡልጋ የመጡት እናቷ፣ ወይዘሮ በቀለች፣ ግን አላስጨረሱትም።

"ምን ይላሉ እርስዎ? ያልተጠመቀች ልጅ ደጅ ሊያስወጡ?"

"ትክትክ ገብቷል አሉ እኮ፣ እማማ።"

"ይግባ! እኔ ሰባት ስወልድ አንዳቸውንም ሳይጠመቁ ከደጅ አላወጣሁም። ስምንት ቀን ናት የቀረችው። ስምንት ቀን ምን አላት?"

ከሰባቱ ሦስቱ ብቻ እንደ ተረፉላቸው ገብረ መድኅን ያውቃል። ግን አማቱን በምን አፉ ይህን ይበላቸው?

ግቢ የምትጋራቸው ጎረቤታቸው ሐሚዳ በራፉ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። የእሷም ልጅ ሦስተኛ ወሩን ይዟል።

"እኔ የኔን ሰውዬ ልወስደው ነው፤ እሷንም አብሬ ልውሰድላችሁ። አንዱን በጀርባዬ፣ አንዷን በደረቴ። እንደውም እንደ አህያ ጭነት ሚዛኔ ይጠበቃል።"

እፀገነት ሳቀች።

"ስም እንኳ ያልወጣላትን ልጅ?" አሉ በቀለች።

"መርፌው ስም አይጠይቅም፣ እማማ በቀለች!"

እፀገነት ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ባሏ ቀና አለች። "አንተስ ምን ትላለህ?"

ሐሚዳ እንድትወስዳት እንደ ፈለገች ከዓይኗ ገብቶታል። ገብረ መድኅን ግን ሰው ማስቀየም አይወድም፤ እግዚአብሔርንም ማስቀየም ይፈራል። በዚያች ሰዓት ሁለቱን ለይቶ ማየት አቃተው።

"ክርስትናዋ ይለፍ" አለ። "በሚመጣው ወር እኛው ወስደን እናስከትባታለን።"

ማክሰኞ ሐሚዳ ልጇን አዝላ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ልጁ አተኩሶት ሲነጫነጭ ድምፁ ቤታቸው ድረስ ተሰማ። "ይኸው!" አሉ በቀለች። ገብረ መድኅንም እውነት ለመናገር ትንሽ ቀለል አለው።

ልጅቱ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች፤ ወለተ ማርያም ተባለች። በማግሥቱ አፍንጫዋ ፈሰሰ። የጥምቀቱ ውሃ በርዷት ነው ተባለ። እንዲያ እያለች ሳምንት አለፋት፤ ቀላል ሳልም ጨመረች። ከዚያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሳሉ ይዞ አልለቅ አላት። ትንፋሽ ሳትወስድ ደጋግማ፣ ደጋግማ ሳለች፤ ከንፈሯ ጠቆረ። ሲለቃት የጠባችውን ሁሉ አስመለሳት።

ገብረ መድኅን ሮጦ የነፍስ አባታቸውን አመጣ። ጸሎት አደረሱ፣ ጠበል ረጩ፤ ከዚያ ነገሩን ከሥሩ ጠየቁት፤ ነገራቸው።

"ወደ ሐኪም አትሂድ ያለው ማን ነው?" አሉ።

"ሳትጠመቅ ደጅ አትወጣም ብለን ነው፣ አባቴ።"

"ልጄ፣ የሚያሰጋ ነገር ካለ እኮ በማናቸውም ቀን እናጠምቃት ነበር። ለመርፌው ደግሞ ማን ከለከላችሁ? ብቅ ብለህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?"

ቤተ ክርስቲያኑ ከቤቱ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። በቀለች ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

በማግሥቱ የወሩ የክትባት ቀን ነበር። ክሊኒኩ ሰልፍ ላይ እንዳሉ ሳሏ ሲነሣባት እናቶች ልጆቻቸውን ሸሸግ አደረጉ። ወጋየሁ ከሰልፉ አውጥቶ ወደ ጓሮ ወሰዳቸው፤ ልጅቱን እስኪበቃው አዳመጠ።

"ትክትክ ነው፣ ጋሼ።"

"በል እንግዲያ ውጋልን። ቀኑ ደርሷል ብለን ነው ያመጣናት።"

"መርፌው በሽታው ሳይዛት በፊት ነው የሚጠብቃት። አሁን የያዛትን አያስለቅቃትም።" የሽሮፕ ጠርሙስ ሰጠው። "ስትስል ቀና አድርጋችሁ ያዟት። ከጠቆረች፣ ወይ ጡት እምቢ ካለች፣ ሆስፒታል ሩጡ።"

"ትድናለች?"

"እንደሷ ትንሽ ለሆነ ልጅ…" ብሎ ጀመረና እፀገነትን አይቶ ተወው። ካርድ አውጥቶ ስሟን ጻፈ።

"ቀጠሮዋስ ለመቼ ነው?" አለ ገብረ መድኅን።

ወጋየሁ እስክሪብቶውን ካርዱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቆየ። "ሲሻላት አምጧት" አለና የቀኑን ቦታ ባዶ ትቶ ሰጠው።

መንገድ ላይ ሳሏ እንደገና ተነሣባት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እፀገነት ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና ልጅቱን ቀና አድርጋ ያዘቻት። ገብረ መድኅን ሽሮፑን ኪሱ ከቶ አጠገባቸው ቆመ።

"እስቲ እኔ ልያዛት።"

"ተው፣ ይዣታለሁ" አለች፣ ቀና ብላ ሳታየው።

ሌላ የሚያደርገው ነገር አጣ። ጃንጥላውን ዘረጋና በሁለቱ ላይ ያዘላቸው፤ ልጅቱ መሳሏን አላቆመችም።